አክስቴ ሰዓዳና የኪሬካ ታክሲ

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ለማየት ወደ ታክሲ ፓርኩ ወርጄ ዝናብ ያዘኝ። ብዙ ጊዜ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ነው የምንቀሳቀሰው፤ ነጋዴ ሰው የመኪና ጃም ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን አያስበላም። የካምፓላ ዝናብ ግን ነጋዴና ሥራ ፈት አይለይም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ታክሲ ውስጥ ይከታል። እዚህ ታክሲ የምንለው ነጩን ሚኒባስ ነው። አሥራ አራት ሰው እንደሚጭን ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ የሚያምነው ግን የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የራሰ ልብስ፣ የቤንዚን፣ የላስቲክ ምንጣፍና ከኋላ አንዱ የሚበላው የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታው፣ እጄ እኔን ሳያማክር ተነስቶ መስኮቱን ከፈተው። አጠገቤ ያለችው ሴት ትከሻዋ ላይ ጠብ ሲልባት ዞር አለች።

"ንያቦ፣ ዝናቡ እኮ እየገባ ነው።"

"አክስቴን ያስመልሳታል፣ ለዚያ ነው" ልላት አፌን ከፈትኩ። አክስቴ አብራኝ አልነበረችም። ይህን ውሸት የተውኩት ስንት ዘመኑ ነው! መስኮቱን ዘግቼ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እስከምወርድ ድረስ ግን እንደ ልጅነቴ የሹፌሩን ሰዓት ሳይ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይሆነኛል። አባቴ ኦልድ ካምፓላ፣ ከትልቁ መስጊድ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ አንሶላና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥ ነበር፤ እኛም ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች እንኖራለን። አክስቴ ሰዓዳ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከኮምቦልቻ የመጣችው የሚያዝያ ዝናብ ሲበረታ ነው። "ጠይም፣ ረጅም፣ ሞላ ያለች ሴት ናት" ተብሎ ነበር የተነገረኝ። የመጣችው ረጅም ብቻ ነበረች። ጠይምነቷ አመድ ለብሷል፣ ሙላቷን ደግሞ የሆነ ድንበር ላይ ፈታሾች ያስቀሩባት ይመስል ነበር።

ታስላለች። ኮምቦልቻ ሳለች መድኃኒት ጀምራ፣ ትንሽ ሲሻላት "ድኛለሁ" ብላ ወደ ሽንኩርት ንግዷ ተመለሰች። ሳሉም ተመለሰ። በሽታው ቲቢ ነበር። ይህን ቃል ግን ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም፤ አባቴ "ያ ነገር" ይለዋል። ብርድ ልብስ የሚሸጥ ሰው ቤቱ ውስጥ ሳንባዋን የታመመች ሴት እንዳለች ከተሰማ፣ ማን መጥቶ ብርድ ልብስ ይገዛዋል? ከማዶ ያለው ጎረቤታችን ጋሽ ከማል፣ የጅማ ሰው ነው፣ የላስቲክ ጫማ ይሸጣል። የሱቁ ዋና ሸቀጥ ግን ወሬ ነበር። እሱ ሲጠይቅ አባቴ "ጥርሷን ነው፣ ጥርሷን ልትታከም ነው የመጣችው" አለው። ጋሽ ከማል በየጠዋቱ ስንወጣ እያየን ራሱን ይነቀንቃል። "ወይ ጥርስ! የዝሆንም ይህን ያህል አያመላልስም" ይላል።

ክሊኒኩ ወደ ኪሬካ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን አባቴ ራሱ ወሰደን፤ ግን በር ላይ ቀረ። ገብቼ የሲስተሯን ቃል ለአክስቴ፣ የአክስቴን ለሲስተሯ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።

"ንገሪያት" አለች ሲስተሯ፣ ወፍራም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ። "ሁለት ወር፣ ከእሑድ በቀር በየቀኑ መርፌ አለባት። ስድስት ሰዓት ሲሆን በሩን እዘጋለሁ፤ ማንም ቢሆን አልከፍትም። አንድ ጊዜ አቋርጣለች። አሁንም ካቋረጠች በሽታው መድኃኒቱን ይለምዳል። ከለመደ በኋላ እኔ የምሰጣት ነገር የለኝም።"

ይህ "ይለምዳል" የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጋሽ ከማል ጓሮው ውስጥ አንድ ፍየል ነበረችው። መጀመሪያ መጥረጊያ ሲያነሳባት ትበር ነበር፤ ኋላ መጥረጊያውን ለመደችው፣ ከዚያም በላችው። ስለዚህ አክስቴ ደረት ውስጥ አንዲት ፍየል አለች፣ በየጠዋቱ አንገቷን ቀና አድርጋ "ዛሬ ዱላው ይመጣል ወይስ አይመጣም?" እያለች ትጠብቃለች ብዬ አመንኩ። አንድ ቀን ካልመጣ፣ አለቀ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበር። አባቴ ማታ ጠርቶኝ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ስሚ ሀዋ። ካሁን ጀምሮ የአክስትሽ አፍ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን እንዳታስቀሪያት። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀምጫት፣ መስኮቱም ይከፈት፤ ሲስተሯ ያለችው እሱን ነው፣ ለሰው ደግ ነው። ማንም ቢጠይቅሽ..."

"ጥርሷን ነው።"

"ጎበዝ።"

ጠዋት ጠዋት ከኦልድ ካምፓላ ቁልቁል ወደ ፓርኩ እንወርዳለን። እሷ በረጅሙ ትራመዳለች፣ ከዚያ ቆማ ትተነፍሳለች፤ እኔ ደግሞ እሷ ስትቆም ወደ ፊት፣ እሷ ስትራመድ ወደ ኋላ እያየሁ እከተላለሁ። ፓርኩ ከላይ ሲታይ ነጭ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ታክሲው ከታክሲው ተጣብቆ መሬት የሚባል አይታይም። አክስቴ መጀመሪያ ስታየው "ያ ረቢ! በግ ተራ ነው እኮ!" አለች። ውስጡ ሲገቡ ግን የበግ ተራ ይሻላል፤ በግ ቢያንስ ስምሽን እየጠራ እጅሽን አይጎትትም። ኮንዳክተሮቹ የየሰፈሩን ስም ይጮኻሉ፣ እኔ "ኪሬካ"ን ፈልጌ አክስቴን በነጠላዋ ጫፍ እየሳብኩ አስገባታለሁ።

ጭንቀቱ የሚጀምረው ከገባን በኋላ ነው። ታክሲው ካልሞላ አይነሳም። ሰዓት የለኝ፤ የሹፌሩን ሰዓት በሁለት ወንበር መሃል አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ፍየሏም ታያለች።

ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ የመስኮቱ ጦርነት አለ። አንድ ቀን ከፊታችን የማቶኬ፣ የሚቀቀለው አረንጓዴ ሙዝ፣ ዘለላ የታቀፈች ትልቅ ሴት ተቀምጣ ነበር። ዝናቡ በመስኮታችን ገብቶ የአክስቴን ጉልበት፣ የእኔን ጉልበት፣ ከዚያም የሴትየዋን ማጅራት አረጠበ።

"አንቺ ልጅ፣ ዝጊው!"

አልዘጋሁም። ኮንዳክተሩ ዞረ። ከኋላ ያለ ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ሊዘጋው ሲል በክርኔ አገድኩት። ሁሉም አፈጠጠብኝ። አክስቴ ምንም ቋንቋ ባይገባት ጠብ ይገባታል፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አጥብቃ ሳሏን ውጣ ይዛዋለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጥርሷን ነው ብል ጥርስ መስኮት አያስከፍትም። ትንሽ ከቆየ ደግሞ ሳሉ ያመልጣታል፣ ያኔ ያወርዱናል።

"ታክሲ ላይ ያስመልሳታል!" ብዬ ጮህኩ። "ጠዋት ብዙ ነው የበላችው!"

ወዲያው ሴትየዋ ማቶኬዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ ፊቷን አዞረች፤ ከኋላ ያለው ሰውዬ እጁን መለሰ፤ ሹፌሩም የራሱን መስኮት ጭምር ከፈተ። ዝናብ እየመታን ኮረብታው ሥር ደረስን። ከወረድን በኋላ አክስቴ ሳሏን በአንድ ጊዜ ለቀቀችውና እንባዋን ጠረገች።

"ምን ብለሽ ነው እንዲህ ያረጋሻቸው?"

"እንግዳ ናት፣ ይሞቃታል አልኳቸው።"

"ወይ ደግ ሕዝብ!" አለች።

ደግነትን በተመለከተ ሁለታችንም የተሸወድንበት ሌላ ነገር ነበር። በየጠዋቱ የኪሬካ ታክሲ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰው ተቀምጦ እናገኛለን። በሙቀትም ኮት አይለየውም፣ ብብቱ ሥር ጋዜጣ አለ። ታክሲው ሊሞላ ሲል፣ ሌላ ሰው በር ላይ ብቅ ሲል፣ ይህ ሰውዬ ብድግ ይላል፣ ቦታውን ለመጣው ሰው ይለቅቃል፣ ይወርዳል። በማግስቱም እንደዚያው። ኮንዳክተሮቹ ሙዜ ካቶ፣ አባባ ካቶ እንደ ማለት፣ ብለው ሲጠሩት ሰምተናል። እኔና አክስቴ ጉዳዩን ተነጋግረንበት አንድ ድምዳሜ ላይ ደረስን፤ ሰውየው ይሉኝታ ያጠቃዋል። ለሰው ወንበር እየለቀቀ ቤቱ ሳይደርስ የሚኖር ሰው ነው።

"እንዲህ ያለ ሰው ወሎም አልቀረም" አለች አክስቴ። "ጥዋት ወጥቶ ማታ ድረስ ለሰው ሲነሳ! ሚስቱ ምን ትለው ይሆን?"

አንድ ቀን ግን እያየች ልታልፈው አልቻለችም። እንደ ልማዱ ሊነሳ ሲል የኮቱን ጫፍ ያዘችው።

"ወላሂ አይነሱም! ይቀመጡ! ዛሬስ ቤትዎ ይግቡ!"

ሙዜ ካቶ ደነገጠ። "ንያቦ..." ብሎ እጇን ሊያላቅቅ ሞከረ። እሷ ይህን እምቢታ ታውቀዋለች፤ በእኛ አገር ሰው በመጀመሪያው አይቀበልም፣ በሁለተኛውም አይቀበልም። ስለዚህ አጥብቃ ጎተተችውና አስቀመጠችው። "በአላህ! በሞቴ! ሰው ለራሱም ያዝናል እኮ!" በር ላይ አባት፣ እናትና ልጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ኮንዳክተሩ "ሙዜ፣ ውረድ እንጂ!" ይጮኻል። ሙዜው ይነሳል፣ አክስቴ ታስቀምጠዋለች። ከኋላ ወንበር ሌሎች ሁለት ሰዎችም ለመውረድ ተነስተው ነበር፤ እነሱንም በእጇ ምልክት "ቁጭ! ቁጭ!" አለቻቸው፤ ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ። በር ላይ ያሉት ሰዎች ትንሽ አይተው ወደ ቀጣዩ ታክሲ ሄዱ። ያ ታክሲ በእነሱ ሞልቶ ፊታችን ተነሳ።

የሹፌሩን ሰዓት አየሁ። አምስት ሊሆን ነው።

ኮንዳክተሩ ያለውን አልጽፈውም። ሙዜ ካቶ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ተናገረ።

"ልጄ፣ ለእናትሽ ንገሪያት። እኔ የትም አልሄድም። ታክሲው የሞላ እንዲመስል ነው የምቀመጠው። ሰው ባዶ ታክሲ አይገባም፤ እኛን ሲያይ ይገባል። ሥራዬ ነው።"

እንደነገረኝ ነገርኳት። አክስቴ ኮቱን ለቀቀች።

"ሥራው መቀመጥ ነው?"

"አዎ።"

"ይከፈለዋል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሹም ነው በይኛ!"

ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ ስንት ቀን የዋጠችው ሳል አብሮ ወጣ። ነጠላዋ አልያዘውም፣ መስኮቱም አልበቃውም።  ከፊት ያለች ልጅ ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ወረደ፣ ይህኛው ግን የእውነት ተሳፋሪ ነበር። ኮንዳክተሩ አክስቴን አየ፣ እኔን አየ፤ "ውረዱ" ሊል ነው። ሙዜ ካቶ ቀደመውና አንድ ነገር በጆሮው አለው። ምን እንዳለው አላውቅም። ኮንዳክተሩ በሩን ጎትቶ ዘጋና ጣሪያውን ደበደበ፤ ባዶ ወንበር እያለው የተነሳ የካምፓላ ታክሲ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሲስተሯ ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቆማ ደረስንባት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሙዜ ካቶ ከሩቅ ሲያየን አገጩን ያነሳል። "ያኛው ውስጥ ግቡ" ይለኛል፣ "እዚህ ያለነው ሁላችንም የቤት ሰዎች ነን፣ ቶሎ አይነሳም።" አንዳንዴ ሰው ንግድ የት ተማርሽ ይለኛል። የሞላ የሚመስል ነገር ሁሉ እንዳልሞላ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት መርፌው ገና አንድ ወር ይቀረው ነበር። አባቴ "ሀዋ ትቅር" አለ።  አክስቴ ናት የተቆጣችው።

"በእኔ ሳንባ የልጅ ትምህርት አይቀርም! እኔ ኮምቦልቻን ያህል ከተማ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ።"

ኮምቦልቻ ፓርኩ ውስጥ ተጣጥፋ እንደምትገባ አውቃለሁ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ሳስተምራት ቆየሁ። ሙዜ ካቶን ፈልጊ፣ እሱ ያስገባሻል። ከክሊኒኩ ኮረብታ ሥር ያለውን የውሃ ጋን ስታዪ "ማሶ አዎ" በይ፣ እዚያ ፊት ለፊት አውርደኝ ማለት ነው። ታፍራለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ለካ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ስትጮኸው ሹፌሩ ደንግጦ መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

ብቻዋን ሄደች፣ ብቻዋን መጣች። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሂሳብ አይታየኝም፤ የሚታየኝ ያቺ አንገቷን ቀና ያደረገች ፍየል ናት። ከሰዓት ሮጬ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቃት "ተወጋሽ?" ነው። "ተወግቻለሁ፣ አልሀምዱሊላህ" ትላለች። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ጓደኞች እንዳፈራችም ነገረችኝ፤ ሬዲዮ የሚያንጠለጥል ረጅም ሰውዬ፣ ዘንቢል የያዘች ሴት፣ ሌሎችም።

"በምን ቋንቋ ታወራላችሁ?"

"በሳል ነዋ! አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ እንደ መንዙማ።"

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ። ረፋድ ላይ መምህራችን ገብታ ቦርሳችሁን ያዙ፣ በቀጥታ ወደ ቤት አለችን። የታክሲ ሹፌሮቹ ሥራ አቁመዋል፤ ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ምክንያት ነበረው። መንገዱ ላይ ሱቅ ሁሉ በሩን እየጎተተ ነው። ከኦዊኖ ገበያ ወዲያ ጥቁር ጭስ ይታያል፣ የጎማ ጭስ። አባቴ በሩን እስከ ወገቡ አውርዶ ከሥሩ መንገዱን ያያል።

"አክስቴስ?"

"ሄዳለች።"

"መቼ?"

"ይሄ ሁሉ ሳይነሳ። ትመጣለች።" የሚናገረው ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ ነበር።

እናቴ ከውስጥ ወጣች። "ሙሄ! ቋንቋ የሌላት ሴት እኮ ናት! ይህን በር እየጠበቅክ ልትውል ነው?"

አባቴ ጫማውን አደረገ። "ነይ ሀዋ። አፍ ያስፈልገኛል" አለኝ። እሱ በሉጋንዳ የሚያውቀው ዋጋ ብቻ ነበር።

ፓርኩ ባዶ ነው። መሬት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ ጉድጓድ፣ ጭቃ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ሙዜ ካቶ የለም። ታክሲ ከሌለ ማን ውስጥ ይቀመጣል? ይህ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም፤ ለአክስቴ የነገርኳት መንገድ ሁሉ እሱ ላይ የቆመ ነበር። ጥግ ላይ አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት ብቻ ከሰሏን እያጠፋች ነው።

"ሀበሻ ሴት አይታ እንደሆነ ጠይቂያት" አለ አባቴ።

ጠየቅሁ። "ወዴት የምትሄድ?" አለች ሴትየዋ።

"ገበያ በያት።"

"ወደ ገበያ" አልኩ።

"ገበያው ያውና ከኋላችሁ። ዝግ ነው።"

አንድ ቦዳ ነጂ ጠየቅን፤ እሱም ወደ ገበያው ጠቆመን። የተዘጋ ሱቅ ዘበኛ ጠየቅን፤ እሱም። አባቴ በየሰዉ ፊት "ገበያ በይው" ይለኛል፣ ሰዉም ሁሉ የሌለችበትን ቦታ ያሳየናል። ከመንገዱ ማዶ ደፍ የሚል ድምፅ ሲሰማ ሰው እየሮጠ አለፈን፣ አስለቃሹ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኝ ጀመር። የዘበኛውን ሰዓት አይቻለሁ፤ ለስድስት ትንሽ ነው የቀረው። የአባቴን እጅ ለቀቅሁና ወደ በቆሎ ሻጯ ተመለስኩ።

"ወደ ቲቢ ክሊኒኩ ነው የምትሄደው" አልኳት። "ቲቢ ነው ያለባት።"

ቲቢ በሉጋንዳም ቲቢ ነው። አባቴ ሌላውን ባይሰማ ይህን ሰማ። ጥፊ ጠብቄ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። አልመጣም።

"አሃ! የሚያስሉት?" አለች ሴትየዋ። "እነሱማ ጠዋት ተያይዘው በእግራቸው ሄዱ፣ በዚያ በኩል።"

"ሀበሻ ሴት አብራቸው ነበረች?"

"ሻርፕ የተከናነበች ረጅም ሴት ነበረች። ሀበሻ ትሁን አትሁን በምን አውቃለሁ? ሳል እንደሆነ የሁሉም አንድ ነው።"

አባቴ ወዳሳየችን አቅጣጫ መራመድ ጀመረ፣ እኔም እየሮጥኩ ተከተልኩት። ትልቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ፖሊሶች ተሰልፈው ዘግተውታል። "ተመለሱ!" አባቴ በአማርኛ "እህቴ እኮ ናት" አላቸው። ተረጎምኩ። "ተመለሱ" አሉ በድጋሚ። እዚያው ቆመን ሳለን ከኋላችን፣ ከኮረብታው፣ የዙሁር አዛን ተሰማ። ክሊኒኩ ከተዘጋ ቆይቷል ማለት ነው። አባቴ መጨረሻው ድረስ ሰማው፤ ከዚያ እጄን ያዘኝና ተመለስን።

አሱር እስኪደርስ ጠበቅን። ጭሱ ሲሳሳ አንዳንድ ሱቅ በሩን መልሶ ከፈተ፤ ጋሽ ከማልም ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ከታች፣ ከመታጠፊያው በኩል አንዱ ሳለ፤ ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ታዩ። ሬዲዮ ያንጠለጠለ ረጅም ሰውዬ፣ ዘንቢል የያዘች ሴት፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት። መሃላቸው አክስቴ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ።

አባቴ በርጩማ ይዞ ወጣ። "ተቀመጪ እትዬ! ተቀመጪ!"

"አልቀመጥም።"

"ምን ሆነሻል? ተጎድተሻል?"

"ሲስተሯ ልትዘጋ ስትል ደርሰን በጥድፊያ ወጋችኝ። ዛሬ ወንበር ጠላቴ ነው።"

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አክስቴ ቆማ፣ አንድ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ነገረችን። ፓርኩ ውስጥ ታክሲ የለም፣ ያ የወንበር ሹም የለም። ወዴት እንደምትሄድ ስለማታውቅ ልትመለስ ዞረች። ያኔ ከኋላዋ ሳል ሰማች።

"የዚህን ሰውዬ ሳል" አለች ወደ ረጅሙ እየጠቆመች፣ "ከሺህ ሳል እለየዋለሁ። ተከተልኩት። ሲደክመኝ ቆሙልኝ፣ ሲደክማቸው ቆምኩላቸው።"

ረጅሙ ሰውዬ ስለ እሱ እንደሚወራ ገብቶት ፈገግ አለ፤ ከዚያም ሳለ፣ ዘንቢል የያዘችው ተቀበለችው። ልክ በብርድ ልብሱ ክምር ፊት። መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጋሽ ከማል ከመቀመጫው ተነሳ። ሰዎቹን አየ፣ አክስቴን አየ፣ አባቴን አየ፣ ብርድ ልብሶቹን አየ። ወደ ሱቁ ገባና በሩን ጎትቶ ዘጋው። 

"ነገም ታክሲ የለም ነው የሚሉት" አለች አክስቴ። "ስለዚህ ከዚህ ነው የምንነሳው። ለሁሉም መሃል ነው።"

"ከዚህ?" አለ አባቴ። "ከሱቁ በር?"

"ከሱቁ በር።"

አባቴ የጋሽ ከማልን የተዘጋ በር አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"በስንት ሰዓት እንደሚመጡ ጠይቂያቸው።"

ጠየቅኳቸው። እርስ በርስ ተነጋገሩና ረጅሙ ሰውዬ "አንድ ሰዓት" አለ።

"አንድ ሰዓት ለሻይ አይበቃም" አለ አባቴ። "አሥራ ሁለት ተኩል በያቸው። ስኳር ማን ማን እንደሚያበዛም ጠይቂ።"